የዳትሰኗ ማስታወቂያ፤ ንባቡና አንድምታው

ንባቡ አጭር ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እንጀራና በርበሬ የሚሸጥበት አንድ የአበሻ ሱቅ በር ላይ፣ «ክፍል ይከራያል» እና «ሞግዚት እንፈልጋለን» ከሚሉ ወረቀቶች መሐል ተለጥፎ የነበረ ነው። እንዲህ ይላል፦

«የሚሸጥ መኪና። የ1972 ዳትሰን 240ዚ። ሁለት ሰው ትይዛለች። ሞተሯ አልተነካም፤ ላሜራዋ ተነክቷል። የምትሸጠው ቤተሰብ በዝቶ ነው። ዋጋዋ በድርድር። ለቁም ነገር ፈላጊ ብቻ፤ ደላላ አያስፈልግም። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይደውሉ።»

ጸሐፊው ማን ነው ቢሉ ባለመኪናው ነው። ሥራው ምንድን ነው ቢሉ፣ ዋሽንግተን መሐል ከተማ የሰው መኪና እያቆመ ጀምሮ ዛሬ የሕንፃ ማቀዝቀዣ የሚጠግን፣ በእጁ ሙያ የሚያድር ሰው ነው። ምክንያተ ጽሕፈቱ ምንድን ነው ቢሉ የሦስተኛ ልጅ መወለድ ነው። ለማን ጻፈው ቢሉ ለገዢ። አንድም ለሚስቱ፤ «ለጠፍከው ወይ?» ስትለው «ለጥፌዋለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ ይመልስ ዘንድ።

ስለምን በአማርኛ ጻፈው? እንዲህ ያለች መኪና የሚፈልግ ሰው የሚገኘው በአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበርና በእንግሊዝኛው ጨረታ ነው፤ በርበሬ ሊገዛ የገባ ሰው የ1972 ዳትሰን ይዞ አይወጣም። አንዳንዱ፣ ከወገን እጅ ትግባ ብሎ ነው ይላል፤ አበሻ ከገዛት ቅዳሜ ቅዳሜ በጆርጂያ አቬኑ ስታልፍ ያያታልና። አንድም እንዳትሸጥ ነው። እኔ የምይዘው የኋለኛውን ነው። ምስክሩም ፎቶ አለመለጠፉ፤ አሮጌ የስፖርት መኪና ያለ ፎቶ የሚሸጥ ሰው መሸጥ አይፈልግም።

«የሚሸጥ መኪና» የሚለው ሐተታ አያሻውም፤ እንለፈው።

«የ1972 ዳትሰን 240ዚ።» ታሪክ። ዳትሰን የኒሳን ኩባንያ መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ1960 ዩታካ ካታያማ የሚባል የኩባንያው ሰው ከጃፓን ወደ አሜሪካ ተላከ፤ በ1965 የአሜሪካው ኒሳን ፕሬዚዳንት ሆነ። አሜሪካኖች «ሚስተር ኬ» ይሉት ነበር። በዚያ ዘመን የጃፓን መኪና በነዳጅ ቆጣቢነቷ ትመሰገን ነበር እንጂ ዞሮ የሚያያት አልነበረም። የስፖርት መኪና ያማረው ሰው የእንግሊዞቹን ኤምጂ ወይም ትራያምፍ ይገዛል፤ ኪሱ የሞላለት ጃጓር። የእንግሊዞቹ መኪኖች ለዓይን ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ዘይት ያንጠባጥባሉ፤ ዝናብ የመታቸው ቀን ኤሌክትሪካቸው ይታወካል። እሑድ የተነዳች መኪና ሰኞ ጋራዥ መዋሏ የፍቅሩ ቀረጥ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ካታያማ ይህ ቀረጥ ይነሣ አለ። ጠዋት ቁልፏ ሲዞር የምትነሣ፣ ደሞዝተኛ የሚገዛት፣ ሆኖም ሰው ዞሮ የሚያያት መኪና ፈለገ። ንድፉን የዮሺሂኮ ማትሱኦ ቡድን ሠራው። ሞተሩን ከባዶ አላመጡትም፤ 510 በተባለችው ባለ አራት በር ዳትሰን ላይ የነበረውን ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር መሠረት አድርገው ሁለት ሲሊንደር ጨመሩበት፤ 2,393 ሲሲ፣ 151 የፈረስ ጉልበት ሆነ። መኪናዋ በጥቅምት 1969 ኒውዮርክ ላይ ታየች። ዋጋዋ 3,526 ዶላር ነበር፤ ጃጓር ኢ-ታይፕ በዚያው ጊዜ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ጃፓን ውስጥ «ፌርሌዲ ዚ» ትባላለች፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ካትሱጂ ካዋማታ «ማይ ፌር ሌዲ» የተባለውን የሙዚቃ ተውኔት ወድዶ ያወጣው ስም ነው። ካታያማ ይህ ስም አሜሪካ አይሸጥም ብሎ ምልክቱን ከመጡት መኪኖች ላይ እያስነቀለ በ240ዚ አስተካው ተብሎ ይተረካል።

ይህን ታሪክ ማስረዘሜ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰዎች የዚህችን መኪና ነገር ሲያነሡ በውበቷ ጀምረው በውበቷ ይጨርሳሉ። እርሷ ግን ያሸነፈችው በጥቅሟ ነው። ኤምጂ የነበረው ሰው ኤምጂውን ሸጦ እርሷን ሲገዛ ጎረቤቱ ምን ብሎ እንደሳቀበት አልሰማሁም፤ መሳቁን ግን አልጠራጠርም፤ ነፍስ ያላትን መኪና ሰጥቶ ጠዋት ጠዋት የምትነሣ መኪና ገዛ ብሎ። ኤምጂ ኤቢንግደን ያለውን ፋብሪካ በ1980 ዘጋ። ይህን በልባችሁ ያዙት፤ ዝቅ ብሎ «ቤተሰብ በዝቶ» በሚለው ላይ እንመለስበታለን።

ስለምን ዓመቱን አስቀደመ ቢሉ፣ ዳትሰን የሚያውቅ ሰው ከመጠየቁ በፊት ይወቅ ብሎ ነው። የ1973ቷ ስለ ጭስ የወጣውን ሕግ ለማሟላት ካርቡራተሯ ተለወጠ፤ ሙቀት ሲበዛ ታስቸግራለች፤ ብዙ ባለቤቶች የቀድሞውን እየፈለጉ መልሰው ገጠሙ። 1972 ማለት እንግዲህ የመጨረሻው ደህና ካርቡራተር ማለት ነው።

አንድም፣ 240ዚ ብሎ አፍሪካን ማለቱ ነው። በ1971 በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ ጭቃና አቧራ፣ ኤድጋር ኸርማን ይህችን መኪና ነድቶ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛ የወጣው ሼክሃር ሜህታም የነዳው እርሷኑ ነበር። ሜህታ ኡጋንዳ የተወለደ ነው፤ ኢዲ አሚን በ1972 እስያውያንን ሲያባርር ቤተሰቡ አገር ለቆ ኬንያ ገባ፤ በ1973 ራሊውን በ240ዚ አሸነፈ። ባለመኪናችን ዳትሰኗን መጀመሪያ ያያት አሜሪካ አይደለም። አዲስ አበባ፣ አጎቱ በሚሠራበት ጋራዥ፣ ዓመቱ ካለፈ ቆይቶ ያልተነሣ አንድ የናይሮቢ ቀን መቁጠሪያ ነበር፤ ቀይ፣ ኮፈኗ ጥቁር፣ እስከ ስፖኪዮዋ በጭቃ የተለወሰች ዳትሰን አለችበት። እርሱ የሚያውቃት ዳትሰን ሲሚንቶና ጎመን የምትጭነው ፒክአፕ ነበረችና፣ ይህችም ዳትሰን ናት ሲሉት አላመነም ነበር። ዋሽንግተን መጥቶ ማቆሚያ ውስጥ ሲሠራ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ደንበኛ የቀን መቁጠሪያዋን መኪና እየነዳ ገባ። ሽማግሌው ሲያረጅ ለእርሱ ሸጠለት። ዋጋውን አይናገርም።

«ሁለት ሰው ትይዛለች።» ሦስተኛ ቢመጣስ ቢሉ ቦታ የለም። ልጅ ነው፣ ጭን ላይ ይሁን ቢሉ ሕግ አይፈቅድም፤ ሜሪላንድ 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ቁመቱ አራት ጫማ ከዘጠኝ ኢንች ካልደረሰ በቀር፣ በልጅ ወንበር ይቀመጥ ትላለች። አንድም ሁለት ማለቱ እርሱና ሚስቱ ናቸው፤ ያገባት ዕለት በእርሷ ነው የሄዱት፤ ቀሚሷ በሩ ላይ ተይዞ ግራሶ ነክቶታል። አንድም ሁለት ይበል እንጂ አንድ ሰው ናት። ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጠው የመፍቻ ሳጥንና ጃኬት ነው። ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና የሚገዛ ሰው ሁለተኛውን የሚገዛው ለይሉኝታ ይመስለኛል።

«ሞተሯ አልተነካም፤ ላሜራዋ ተነክቷል።» ሞተሯ አልተነካም ማለት አልተፈታም፣ ፒስተኗ የፋብሪካው ነው ማለት ነው። ላሜራዋ ተነክቷል ማለት ዝጓል፤ ይህን ሳይደብቅ መጻፉ ያስመሰግነዋል። የዚያ ዘመን ዳትሰኖች ብረት ስስ ነው፤ ከዝገት የሚጠብቀው ቀለምም ብዙ አልነበረም። በክረምት መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ከሥር እየገባ የእግር መርገጫውን ላሜራ፣ ሻንሲውን፣ ከኋላ ጎማ ፊት ያለውን ጥግ ይበላል፤ ባትሪው የሚቀመጥበት ደግሞ በአሲዱ ያልቃል። አዋቂ ገዢ ሲመጣ ሞተር አስነሣልኝ አይልም። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት ያወጣል፤ በሩ ሥር፣ ፓራፋንጎው ላይ፣ ወለሉ ላይ እያስጠጋ ይሄዳል። ማግኔቷ ከተጣበቀች ብረት ነው። ከወደቀች ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነገር ነገር የለም፤ ገዢም ሻጭም የወደቀችበትን ቦታ ያያሉ።

አንድም ስለ ራሱ ስለ ባለቤቱ ነው፤ ልቡ አልተነካም፣ ወገቡ ተነክቷል። ወንበሯ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ከእርሷ ለመውጣት መጀመሪያ እጅን መሬት ማስነካት፣ ቀጥሎ «እሰይ» ማለት የግድ ነው።

«የምትሸጠው ቤተሰብ በዝቶ ነው።» የንባቡ ልብ ይህ ነው።

በቁሙ፣ ሦስተኛው ልጅ ተወለደ፤ ሦስት የልጅ ወንበር ከዳትሰኗ አይገባም። ይህ ግን ምክንያት አይሆንም የሚሉ አሉ። ሚስቱ የምትነዳው ባለ አራት በር መኪና ነበራቸው፤ ቫን ቢያስፈልግ እርሷን ለውጦ ዳትሰኗን ማስቀረት ይቻል ነበር። መልሱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ሁለት መኪና መግዣ አላጡም፤ ለሁለቱ የሚሆን መጠለያ ግን አልነበራቸውም፤ ያላቸው አንድ ጋራዥ ነው። ዳትሰኗ ደግሞ ታሪካዊ ሰሌዳ የለጠፈች ናት፤ ይህ ሰሌዳ ለሰልፍ፣ ለትርኢትና ለአልፎ አልፎ ጉዞ ነው እንጂ በየቀኑ ሥራ ለመመላለስ አይደለም። በክረምት ቫኗ በረዶ ሥር ቆማ በየቀኑ የማትነዳው ዳትሰን ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሳ ስትተኛ፣ አራስ ቤት ውስጥ ሰላም አይኖርም።

አንድም፣ ቤተሰብ ያለው እናቱን ነው። አራስ ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ መጣች፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበላት የሄደው በዳትሰኗ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ በሌላዋ ይከተሉ ነበር። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ የገንፎ እህል። ልጇን ደስ ይበለው ብላ ከእርሱ ጋር ልትሄድ ፈለገች፤ ነጠላዋን ሰብስባ፣ አንድ እጇን በሩ ላይ፣ ሌላውን ትከሻው ላይ አድርጋ ወደ ወንበሩ ስትወርድ ጉልበቷ አጋማሽ ላይ እንቢ አላት። ወደ ታችም ወደ ላይም አልሄድ አለች። «ልጄ፣ ጉድጓድ ነው የገዛኸው?» አለችው። ተደግፋ ወጥታ በሌላዋ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የሽሮዋ ሽታ ከእርሱ ጋር ነበረ፣ እናቱ ግን አልነበረችም። ሽያጩ የተቆረጠው ያን ጊዜ ነው ይላሉ፤ እኔም ከልጁ ወንበር ይልቅ የእናቱ ጉልበት አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንድም፣ ቤተሰብ የበዛው የዳትሰኗ ነው። በ1974 ኒሳን 260ዚ ብሎ ሞተሯን ሲያሳድግ ከኋላ ሁለት መቀመጫ የተጨመረባት ዓይነትም አወጣ፤ ለዚያ ሲባል ጀርባዋ ረዘመ፣ መስመሯም እንደ ቀድሞው አልሆነም። ወዳጆቿ እስከ ዛሬ ያችን አይወዷትም፤ ዋጋዋም ከባለ ሁለቷ ያነሰ ነው። ፋብሪካው ግን የሚያውቀው ነበረው፤ በ1970 ገና ሚስት ያልነበረው ገዢ በ1974 አግብቶ ወልዷል።

እንግዲህ ወደ ኤምጂው ነገር እንመለስ። ባለመኪናው የሚገዛት ሲየና የምትባል ቫን ናት፤ ንባቡ ስሟን አይጠራም፣ አፍሮባት ይመስለኛል። ማፈር አልነበረበትም። ከ2021 ሞዴል ወዲህ ሲየና የምትመረተው በሃይብሪድ ብቻ ነው፤ በጋሎን 36 ማይል ያህል ትሄዳለች፤ ጉልበቷ 245 ፈረስ ነው። ዳትሰኗ 151 ነበረች። በሮቿ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ፤ እናቱ ቁማ ገባች ማለት ይቻላል። በ1970 ኤምጂውን ሸጦ ዳትሰን የገዛው ሰው ያደረገውን ነው እርሱም ያደረገው፤ ውብና አስቸጋሪውን ሰጥቶ የሚነሣውን ወሰደ። ካታያማ በ2015 በ105 ዓመቱ ዐርፏል፤ በሕይወት ቢኖር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጠዋት ትነሣለች ወይ ብሎ ይመስለኛል። ዳትሰኗን ከድቷታል የሚሉ ወዳጆቹ ዳትሰኗ ራሷ ማንን ከድታ እንደመጣች ረስተዋል።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ የቀረበት ነገር የለም ማለት ግን ውሸት ነው። ዳትሰኗ ሁለት ካርቡራተር አላት፤ ሁለቱ እኩል አየር ካልሳቡ ሞተሯ ይንገጫገጫል። መለኪያ መሣሪያ ይሸጣል፤ እርሱ ግን አንድ ክንድ የምታህል የላስቲክ ቱቦ ነበረችው። አንዱን ጫፍ ከካርቡራተሩ አፍ ያስጠጋል፣ ሌላውን ከጆሮው፤ የአየሩን ፉጨት ይሰማል። ወደ ሁለተኛው ይወስደዋል፤ ይሰማል። ብሎኗን ትንሽ ያዞራል፤ ይመለሳል። ሁለቱ ፉጨት አንድ ዓይነት ሲሆኑ ሞተሯ መንቀጥቀጧን ትታ ትረጋጋለች፤ ኮፈኗ ላይ የተቀመጠ የቡና ስኒ አይርገበገብም። ትልቁ ልጁ ቱቦዋን በጆሮው ይዞ «ይሄኛው ይጮኻል» ማለት ለምዶ ነበር። ጆሮው እንደ አባቱ ነው። የሲየናዋ ኮፈን ሲከፈት የሚታየው የፕላስቲክ ክዳን ነው፤ የሚሰማ ነገር የለም፣ የሚዞር ብሎንም የለም። ጠቃሚ መኪና ማለት ባለቤቷን የማትፈልግ መኪና ማለት ነው፤ እርሱ ደግሞ መፈለግ የለመደ ሰው ነው። የበዛው ቤተሰብ ይበቃዋል የሚሉ አሉ። ሦስት ልጅ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ እዚያም መፈለግ ሞልቷል፣ ሁለት ፉጨት አንድ የሚሆንበት ሰዓት ግን ብርቅ ነው።

«ዋጋዋ በድርድር።» ከማን ጋር ቢሉ ከገዢ ጋር። አንድም ከራሱ ጋር፤ ማንም ሳይደውል ዋጋ ሲጨምርና ሲቀንስ ከረመ። በ2020 አንዲት የ1971 240ዚ በጨረታ 310 ሺህ ዶላር መውጣቷን ሰምቶ ነበርና እርሷን እየጠቀሰ ሽያጩን ለማዘግየት ሞከረ። ያቺ ዝገት ያልነካት ብርቅ ናት፤ የእርሱ ወለል ማግኔት አይዝም። ሚስቱ ይህን ታውቃለች።

«ለቁም ነገር ፈላጊ ብቻ፤ ደላላ አያስፈልግም።» ደላላ ስለምን ጠላ ቢሉ ኮሚሽን ጠልቶ ነው። አንድም ደላላ ቶሎ ይሸጣልና ነው።

«ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይደውሉ።» ልጆች የሚተኙበት ሰዓት ስለሆነ ነው፤ በአበሻ አቆጣጠር። የደወለ ነበረ ወይ ቢሉ አንድ ሰው ደውሏል፤ የሚከራየውን ክፍል መስሎት።

ፍጻሜውስ ምን ሆነ? ሚስቱ አንድ ቅዳሜ ሸራውን ገፋ አድርጋ ራሷ ፎቶ አነሣች፤ የዛገውንም ጨምራ፤ በእንግሊዝኛ ጽፋ ለአሮጌ ዳትሰን ወዳጆች አቀረበች። ብዙ አልቆየም፣ ከፔንሲልቬንያ አንድ ሰው ማግኔቱን ይዞ፣ ተጎታች እየጎተተ መጣ። ማግኔቷ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሰውየው ሣቀና «ሁሉም እንዲህ ናቸው» አለ፤ ከዚያም ኮፈኑን አስከፍቶ ዝም ብሎ ሞተሯን ሰማ። ባለመኪናው ቱቦዋን ከመፍቻ ሳጥኑ አውጥቶ ሰጠው። ሰውየው ቤቱ ሌላ እንዳለችው ነግሮ መለሰለት፤ የባለመኪናው ትልቁ ልጅ ወሰዳት።

ሰሌዳውስ ቢሉ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሰሌዳ ከመኪናዋ ጋር አይሸጥም፤ ሻጩ ፈትቶ ያስቀራል፣ ለመንግሥት ይመልሳል። ወደ ሲየናዋ ላዛውረው ቢል አይሆንም፤ ታሪካዊ ሰሌዳ ለታሪካዊ መኪና ነው፣ ሲየናዋም ገና ማርጀት አለባት። ሰሌዳው ሳይመለስ መድኑን ያቋረጠ ሰው ይቀጣል። እርሱ ዛሬ እመልሳለሁ ነገ እመልሳለሁ እያለ ስለዘገየ መኪናዋ ፔንሲልቬንያ ደርሳም መድን ይከፈልባት ነበር።

«ለሌለች መኪና መድን እየከፈልክ እኮ ነው» ትለዋለች ሚስቱ።

«ለመኪናዋ አይደለም» ይላል እርሱ፣ «ለሰሌዳው ነው።»